ጋቢ ለመስፋት የትኛው ክር?

ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ ከገርጂም ከሲኤምሲም የሚመጡ ደንበኞቼ ጋቢያቸውን የአልጋ ልብስ አድርጌ እንድሰፋላቸው እየጠየቁኝ ነው። ጋቢ ድሮም አራት ድርብ ስለሆነ ውስጡ ምንም አይጨመርበትም፤ ድርቡ እንዳይንሸራተት በማሽን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስመር በመስመር ይሰፋል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለመስመሩ ቅርጽ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ክሩን ነው።

ሱቅ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ክር ካላችሁ የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። መጥፎ ክር አይደለም። ቦሌ ለሚ እንዳሉት የልብስ ፋብሪካዎች ማሽኑ በሚበርበት ቦታ የማይበጠስ ክር ያስፈልጋል። የእጅ ፈትል ግን ለስላሳ ነው፣ ላላ ያለም ነው። ጋቢው ሲጎተት ከክሩና ከጨርቁ አንዱ መሸነፉ አይቀርም፤ ክሩ ከበረታ የሚቀደደው ጨርቁ ነው። የተበጠሰ ክር ወዲያው ይሰፋል፤ የተቀደደ ፈትል እንደነበረ አይመለስም። ስለዚህ ለጋቢ የጥጥ ክር ግዙ።

ባለሱቁ "ጥጥ ነው" ቢላችሁም አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ፣ ውጭ ወጥታችሁ፣ ክብሪት ጫሩበት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ስትነኩት ብን የሚል ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይቋጥራል። ውጭ ከወጣችሁ አይቀር ቀለሙንም እዚያው እዩት። ፈትል ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ በጣም የነጣ ክር ላዩ ላይ ያስጠላል። ከጥቅሉ አንድ ዘለላ ስባችሁ ጨርቁ ላይ አስተኙት፤ ጥቅሉ ምንጊዜም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ያሳስታችኋል።

ኮኑ ላይ ስላለው ቁጥር ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። 40/2 ካለ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል፤ ሁለተኛው ስንት ክር አብሮ እንደተገመደ ይናገራል። ለጋቢ 40/2 ወይም 50/3 ይበቃል። 20/2 ለጂንስ ይሁን። መርፌው 14 ቁጥር፣ ስፌቱ 3 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ፣ የላዩ ክር ላላ ያለ። ጠበቅ ካደረጋችሁት ጋቢው ይሸበሸባል።

ሳትሰፉት በፊት ግን አጥባችሁ አድርቁት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ጋቢ በኋላ ስፌቱን ተከትሎ ይኮማተራል። ፖሊስተር ክር ጭራሽ ስለማይሰበሰብ ደግሞ ይብስበታል። በረኪና አታስነኩት፣ በተለይ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ ክር ካለው።

ከእናት ወይም ከአያት የቀረ አሮጌ ጋቢ ከሆነ ማሽን አታስገቡት። የማሽን መርፌ ያረጀ ፈትል ይበሳል፣ ቀዳዳውም አይጠፋም። በጥጥ ክር ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ በእጅ ሸልሉት። እኔ ጋ ብታመጡትም ማሽን ላይ አላስቀምጠውም።