አምፕሊፋየር በዋት አይገዛም

ነቀምቴ ውስጥ አንዱ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብታችሁ «ሪሲቨር አሳየኝ» ብትሉ ሻጩ የሚያወርድላችሁ የዲሽ ሪሲቨር ነው። ኢትዮሳት እንደሚስብ፣ ናይልሳት እንደሚስብ ይነግራችኋል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ስሙን ዲሹ ወስዶታል። እኔ የማወራው ስለ ሌላኛው ነው፤ ከቴሌቪዥን፣ ከዲሽ፣ ከፍላሽና ከስልክ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለየስፒከሩ ስለሚያከፋፍለው ሣጥን። በሙሉ ስሙ ሆም ቴአትር ሪሲቨር ነው። ብዙዎቻችን ግን አምፕሊፋየር እንለዋለን፤ ከነስፒከሩ በአንድ ካርቶን ሲመጣ ደግሞ የማንም ፋብሪካ ሥራ ይሁን «ጂፓስ» የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ይህን ዕቃ እወደዋለሁ፤ የሚገባውን ክብር አላገኘም ብዬም አምናለሁ። ቴሌቪዥን ስንገዛ ስለ ኢንቹ ቀኑን ሙሉ እንከራከራለን፤ ድምፁን ግን ለዕድል እንተወዋለን። እስቲ ዛሬ ማታ የምትከታተሉትን ድራማ ድምፁን ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ እዩት። ቀጥሎ ፊታችሁን አዙራችሁ አምስት ደቂቃ ስሙት። ታሪኩ የሚገባችሁ በሁለተኛው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አጎቴ የጊምቢ ቡና ነጋዴ ናቸው። ለሳሎናቸው አምፕሊፋየር ሊገዙ ነቀምቴ ሲመጡ አብሬያቸው ሄድኩ። ገና ከበር «ልጄ፣ ስንት ዋት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሻጩ ልጅም «አባባ፣ ይሄ 8,000 ነው፣ ያኛው 12,000» አላቸው። «በል ባለ 12,000ውን አምጣልኝ» አሉ። ዕቃው ከካርቶኑ ሲወጣ ፊቱ ላይ 12,000 የሚል ወርቃማ ተለጣፊ ነበረው። ገልብጬ ጀርባውን አሳየኋቸው። በገመዱ መውጫ አጠገብ በደቃቅ ፊደል «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 90 ዋት» ይላል። «አጎቴ፣ ከግድግዳው የሚጠጣው 90 ዋት ነው። 12,000ውን ከየት ያመጣዋል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ይሄማ ጀንፈል መዝኖ የተፈለፈለ ቡና ነው ብሎ መሸጥ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ጀንፈል ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ቡና ሆኖ ይወጣል፤ ከዚህ 12,000 ግን መቶኛውም አይወጣም።

ያ ትልቅ ቁጥር ፒኤምፒኦ ይባላል። አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት የአለካክ ደንብ የለውም፤ እያንዳንዱ በራሱ ስሌት ሰፍሮ ይጽፈዋል። አንዱ ለቅጽበት ብልጭ የምትለዋን ጉልበት ይወስዳል፤ ሌላው የሁሉንም ስፒከር ደምሮ በፈለገው ያበዛል። የምትፈልጉት ቁጥር አርኤምኤስ የሚለው ነው፤ ዕቃው ሳይቆራረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት ይነግራችኋል። ይህ ማታለል አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የዋት ፉክክሩ ቅጥ ስላጣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 እ.ኤ.አ. የቤት አምፕሊፋየር ጉልበት በምን ዓይነት ሁኔታ ተለክቶ መጻፍ እንዳለበት ደንብ አውጥቷል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ካርቶን ግን ያሻውን ይናገራል።

በርግጥ የጀርባው ቁጥርም የመጨረሻ ጣሪያ አይደለም። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል አጠራቅመው ከበሮ ሲመታ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ሊረጩ ይችላሉ። ለቅጽበት የሚለው ግን ይሰመርበት። አርኤምኤስ የሚለውን ስታገኙም ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ስፒከር በአንድ ጊዜ እየሠራ ነው የተለካው? ምን ያህል የድምፅ መዛባት ተፈቅዶ? በ10 በመቶ መዛባት የተለካ 100 ዋት፣ ከ1 በመቶ በታች ከተለካ 60 ዋት ይበልጣል ብላችሁ አትቸኩሉ።

ደግሞስ ይህን ሁሉ ዋት ምን ልናደርገው ነው? የጆሯችን ሒሳብ ከዋት ሒሳብ ይለያል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ልዩነቱ መኖሩ ይታወቃል እንጂ አይደንቅም። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። በወረቀቱ ላይ 88 ዴሲቤል የተባለ ስፒከር ደግሞ በ1 ዋት ብቻ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ያን ያህል ያሰማል። የተራ ወሬ ድምፅ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። አራት በአምስት በሆነ ሳሎን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በጥቂት ዋት ነው፤ የቀረው ለከበሮው ምት መጠባበቂያ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ካልመረጠልን ጆሯችን ይምረጥ። ሱቅ ውስጥ የሚከፈትላችሁ ዘፈን ባሱ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ነው፤ በሱ አትፍረዱ። የምታውቁትን ሙዚቃ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሁልጊዜ የዓሊ ቢራን ድምፅና ዑድ፣ የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን፣ የበገና መዝሙርና የአንድ ድራማ ቁራጭ እይዛለሁ። ዓሊ የሰው ድምፅ ይፈትንልኛል፤ በአፍንጫው የሚዘፍን ከመሰለ ዕቃው ይቅር። ቫይብራፎኑ ከተመታ በኋላ ንዝረቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ እስከ መጨረሻው ልሰማው ይገባል።

በገና ግን የኔ ምሥጢር ነው። ከ10 አውታሮቹ ሥር እንዚራ የምንላቸው ቁራጭ ቆዳዎች አሉ፤ ያ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ የሚወጣው አውታሩ ከነሱ ጋር ሲነካካ ነው። ደካማ አምፕሊፋየርም ሲጨነቅ የሚያወጣው እንዲሁ የሚነዝር ድምፅ ነው። ስለዚህ በጥሩ ዕቃ ላይ የእያንዳንዱ አውታር ንዝረት ለብቻው ተለይቶ ይሰማል፤ በመጥፎው ላይ ሁለቱ ንዝረት ተደበላልቆ ገንፎ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ፈታኝ ገና አላገኘሁም።

ስትሰሙ ባሱንም ትሬብሉንም ዜሮ ላይ አድርጉ። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ፤ ቤተሰብ ተኝቶ እንደምታዩበት ሰዓት። ያኔም የተዋናዩ ንግግር ከገባችሁ ዕቃው ጥሩ ነው። በመጨረሻ ዘፈኑን አቁማችሁ ቮልዩሙን ከፍ አድርጉ፤ «እምምም» ወይም «እሽሽሽ» ካለ ቤታችሁም ይከተላችኋል።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። 5.1 ማለት አምስት ስፒከርና አንድ ሰብውፈር ነው። ከሙዚቃችንና ከቴሌቪዥን ፕሮግራማችን አብዛኛው ግን በሁለት ቻናል የተቀዳ ነው፤ ገንዘቡ ካነሰ ከአምስት ቀጫጭን ሁለት ጥሩ ስፒከር ይሻላል። ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ያለው ከሆነ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ገመድ ይጨርሳል። የስፒከሩ ኦም ሪሲቨሩ ከሚፈቅደው አይነስ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን ሳታነቡ ሶኬት ላይ አትሰኩት።

አሁን ቁጣዬን ልናገር። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዳንቴሉን ከላዩ አንሱልኝ! ያ ክዳኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ የሚተነፍስበት ነው። ቡፌ ውስጥ አስገብታችሁ መስታወቱን የምትዘጉም እንዲሁ። ወጣቶች ደግሞ ድምፁ ሲሰነጠቅ እየሰማችሁ ቮልዩም አትጨምሩ፤ ትንሽ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጨነቅ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር ያቃጥለዋል። በነቀምቴ ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታገሡት።

አጎቴ በመጨረሻ የገዙት በእያንዳንዱ ቻናል 50 ዋት አርኤምኤስ የሚል፣ ወርቃማ ተለጣፊ የሌለው ባለ ሁለት ስፒከር ነው። ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ ወይም ከደምቢ ዶሎ ለምትመጡ ዕቃ ለመለወጥ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ካርቶኑ አውቶቡስ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚቆጨው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አትሰስቱ። ዕቃውን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ፣ ፍላሻችሁን አውጡ፣ የምትወዱትን ዘፈን አሰሙት። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።