የአንጀት ሽፋንና የሞተችው ባክቴሪያ

ስብ የበዛበት መኖ አይጥን እንደሚያወፍር ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ቤልጂጋዊው ተመራማሪ ፓትሪስ ካኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የጠየቁት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ አንጀት ውስጥ መቅረት የነበረበት ነገር ወደ ደም ይሾልክ ይሆን? ለአራት ሳምንት ስብ በበሉ አይጦች ደም ውስጥ ሊፖፖሊሳካራይድ፣ ማለትም የባክቴሪያ ልባስ ስባሪ፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ይህንኑ ነገር ተራ መኖ ለሚበሉ አይጦች ቀስ በቀስ ሲያስገቡባቸው እነሱም ወፈሩ፤ የደም ስኳራቸውም ከፍ አለ።

አንጀትን ከውስጥ የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ትኩረት የሳበው እንዲህ ያለውን መሾለክ የሚገታ አጥር በመሆኑ ነው። አከርማንሲያ ሙሲኒፊላ የምትባለው፣ በ2004 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን የተገለጸችው ባክቴሪያ የምትመገበው ይህንኑ ሽፋን ነው። ታሳሳዋለች ብሎ መስጋት ተገቢ ነበር። የካኒ ቡድን በ2013 ያየው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ስብ በሚበሉ አይጦች ውስጥ ቁጥሯ ይመናመናል፣ ሽፋኑም ይሳሳል። ሕያዋን ባክቴሪያ በየቀኑ ለአይጦቹ ሲሰጧቸው ሽፋኑ መልሶ ወፈረ፣ የስብ ክምችታቸው ቀነሰ፣ ለኢንሱሊንም የተሻለ ምላሽ ሰጡ። መኖው ያው ስብ የበዛበት ነበር።

በከፍተኛ ሙቀት የተገደለችው ምንም ስላልፈየደች ሕያው መሆኗ ግድ መስሎ ቆየ። በ2017 ግን በ70 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀችው ከሕያዋ በልጣ ተገኘች። በውጫዊ ሽፋኗ ላይ ያን ሙቀት የሚቋቋም ፕሮቲን አለ፤ ለብቻው ሲሰጥም አይጦቹን ጠቀመ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ይህ ነው፤ «በቢሊዮን የሚቆጠር ሕያው ባክቴሪያ» እያለ የሚሸጠውን ገበያ መሠረቱን ይነካዋልና።

በሰው ላይስ? በ2019 በታተመው ጥናት ሦስት ወሩን የጨረሱት 32 ሰዎች ብቻ ናቸው። የሞቀችዋን የወሰዱት ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ተሻሻለ፤ የክብደታቸው ለውጥ ግን ትንሽና አስተማማኝ ያልሆነ ነበር። ካኒ ባክቴሪያዋን ለገበያ የሚያቀርብ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ መሆናቸውንም አንባቢ ማወቅ አለበት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 የሞቀችዋ ለአዋቂዎች ደኅና ናት ማለቱ እውነት ነው። ደኅንነት ግን ፈዋሽነት አይደለም። የአንዷ ዝርያ ውጤትም ለሌላዋ አይተላለፍም፤ እርጎአችን ውስጥ ያሉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በራሳቸው ሊጠኑ ይገባል።