በአጋርነት የሚጠናከር የኅብረተሰብ ጤና ነርስ ኃይል

በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ ሜዳ የተነሣ የወባ ወረርሽኝ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በመተባበር በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አስተማረ፤ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እያሰማራም በሥራ ላይ አሠለጠነ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የቡድን ሥልጠና ቀጥሎበታል።

ይህ ልምድ ለወረርሽኝ ዝግጅት መሠረት ሊሆን ይገባል። በዳባትና በደባርቅ ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ተራርቀው ስለሚገኙ ነርሷ ብቻዋን ሁሉንም ልትደርስ አትችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ምልክት ያለባቸውን ትጠቁማለች፤ ነርሷ መርምራ ትለያለች፣ ትንከባከባለች፤ ሆስፒታሉ በጽኑ የታመሙትን ይቀበላል፤ ዩኒቨርሲቲው ሥልጠናውን ያድሳል።

ነርስ ለማሠልጠን ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ወረርሽኝ ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለሆነም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማን የት እንደሚሰማራ፣ የታመመችን ነርስ ማን እንደሚተካና የመከላከያ አልባሳት ከየት እንደሚቀርብ ከአጋሮቹ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ሊስማማ ይገባል።