የፀሐይን ብርሃን እንደ እህል ለይቶ መጠቀም

በአሁኑ ጊዜ ለመስኖ ውሃ መሳቢያና ለመብራት የሶላር ፓነል የሚጠቀሙ የገጠር ቀበሌዎች አሉ። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች የማኅበሩን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት፣ ፓነሉ ካገኘው የፀሐይ ኃይል ምን ያህሉን ሥራ ላይ እንደሚያውል ማወቅ ይገባቸዋል።

ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ በ1 ካሬ ሜትር ቦታ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1000 ዋት ይጠጋል። በገበያ ላይ ያለው የሲሊከን ፓነል ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 20 ያህሉን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት በቀስተ ደመና እንደሚታየው የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ቅልቅል መሆኑ ነው። ጉልበቱ ያነሰው ብርሃን ሲሊከኑን ሳያሠራ ያልፋል፤ ጉልበቱ የበዛው ደግሞ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጤፍና ባቄላ በአንድ ወንፊት እንደማይነፋ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት ሴልም ለሁሉም ብርሃን አይስማማም።

ስለዚህም ተመራማሪዎች ብርሃኑን በመስተዋት ወይም በሌንስ አሰባስበው፣ እያንዳንዱን ክፍል ለሚስማማው ሴል ማከፋፈል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘዴ ከመቶ 40 በላይ አገኘ። በ2022 የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም አራት ሴሎችን በመደራረብ፣ 665 ጊዜ በተሰባሰበ ብርሃን 47.6 ከመቶ ደረሰ።

ሆኖም ይህ መሣሪያ ውድ ነው። ፀሐይን የሚከተል ማዞሪያና ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ ደመና ሲሸፍነውም ሥራው ይቀንሳል። ስለዚህ ነጋዴ ተራ ፓነል ይዞ «የፀሐይን ግማሽ ኃይል ይሰጣል» ቢል ሊታመን አይገባም። በተራ ፓነል ላይም በመስተዋት ብርሃን ማብዛት ሴሉን አግሎ ይጎዳዋል እንጂ አይበጅም፤ ሲሊከን ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከምርቱ ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ያህል ያጣልና።

ለጊዜው የሚያዋጣው ያለውን ፓነል በሚገባ መያዝ ነው። ይኸውም በጥቂቱ ወደ ደቡብ ማዘንበል፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ከጣሪያው ከፍ ማድረግ፣ የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት መጠበቅና አቧራውን ማለዳ፣ ሳይግል፣ በለስላሳ ጨርቅና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ይህ ወጪ ሳያስከትል የውሃውን መጠን ይጨምራል።