አማካዩ ሞላ፣ ጄሪካኑ ግን ጎደለ

በየስብሰባው «ለአንድ ሰው በቀን ይህን ያህል ሊትር ውኃ ደርሷል» ሲባል እንሰማለን። ቦኖ ላይ ተሰልፈው የዋሉ እናቶች ደግሞ «ለማን ነው የደረሰው?» ይላሉ። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ እናቶቹም አልዋሹም። ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው?

ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። አሁን የቤተሰባቸው ብዛት እኩል የሆነ አምስት ቤቶችን ለምሳሌ እንውሰድ። በነፍስ ወከፍ 8፣ 10፣ 11፣ 12 እና 34 ሊትር ያገኛሉ እንበል። ድምሩ 75 ነው፤ ለአምስት ሲካፈል 15። ሪፖርቱ «መመዘኛው ተሟልቷል» ይላል፤ ከአምስቱ ቤት አራቱ ግን ከ15 በታች ናቸው። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መሐል ላይ ያለውን ብናነሳ 11 እናገኛለን። ይህ ሚዲያን ይባላል፤ አንድ ብዙ የሚቀዳ ቤት አያዛባውም። እንግዲህ አማካይ ሲነገረን «ሚዲያኑስ? ከ15 በታች ያለው ስንት ቤት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ወረፋውም እንዲሁ ይለካል። መመዘኛው ለአንድ ቧንቧ 250 ሰው፣ ወረፋውም ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይላል። በካሬ ወረቀት ላይ በአግድም የተጠቃሚውን ብዛት፣ በቁመት የወረፋውን ደቂቃ እንጻፍ። እያንዳንዱ ቧንቧ አንድ ነጥብ ይሆናል። ከዚያ ነጥቦቹ ከላይም ከታችም እንዲመጣጠኑ አድርገን በመሐላቸው በማስመሪያ አንድ መስመር እናስምር። ሪግሬሽን የሚሉት ይኸው ነው፤ ኮምፒዩተር የሚጨምርበት አስተካክሎ ማስላቱን ብቻ ነው። መስመሩ በ100 ሰው 15፣ በ300 ሰው 35 ደቂቃ ላይ ካለፈ፣ 100 ሰው በተጨመረ ቁጥር ወረፋው 10 ደቂቃ ይረዝማል ማለት ነው። ከመስመሩ በጣም ወደ ላይ የወጣ ነጥብ ካለ ሄዶ ማየት ነው፦ ቧንቧው ተበላሽቶ ወይም ግፊቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ራሱ ምክንያቱን አይነግረንም።

ቆጥሮ መመዝገብ ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው ለንደን ውስጥ በኮሌራ የሞቱ ሰዎችን አድራሻ መዝግበው፣ ሞቱ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መብዛቱን አሳዩ። ባለሥልጣናቱም የፓምፑን እጀታ አስነቀሉ። ካርታው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሥራው ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ለአንድ ሳምንት ቀኑን፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የተቀዳውን ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና የጠበቅነውን ደቂቃ እንመዝግብ። የሰው ስም አይጻፍ። ቦኖ ላይ ያገኘነውን ብቻ ከጠየቅን ወረፋው አታክቶት የተመለሰው ይቀርብናል፤ ስለዚህ ከቦኖ የራቁትንም ቤቶች እንጨምር። ስብሰባ ላይ «ውኃ የለም» ቢባል «እናጣራለን» ይባላል። «ከጠየቅናቸው 50 ቤቶች ይህን ያህሉ ከ15 ሊትር በታች ነው፤ ደብተሩ ይኸው» ሲባል ግን ማለፍ ይከብዳል።