ድምፅ አልባዎቹ የፍቅር ፊልሞች ለጁባ ምን ይነግሯታል?

በጁባ የፍቅር ፊልም ለመሥራት የተነሣ ሰው ካሜራውን ከመደቀኑ በፊት የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ ፍቅረኞቹ በየትኛው ቋንቋ ይነጋገሩ? ደቡብ ሱዳን ከ60 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ናት። የመንግሥት ሥራ በእንግሊዝኛ ይካሄዳል፤ በመዲናዋ ገበያዎች የሚያግባባው ግን የጁባ ዓረብኛ ነው። በባሪ የተነገረ የፍቅር ቃል ለዲንካው፣ በዲንካ የተነገረውም ለዛንዴው ያለ አስተርጓሚ አይደርስም።

ይህ ጥያቄ እምብዛም የማያስጨንቅበት የሲኒማ ዘመን ነበር። ድምፅ አልባው ፊልም ሊያከትም በተቃረበባቸው ዓመታት፣ በተለይም ከእአአ 1926 እስከ 1930፣ የፍቅር ድራማ በተዋናይ ፊት፣ በብርሃንና በካሜራ እንቅስቃሴ ረቂቅ ስሜቶችን መግለጽ ችሎ ነበር። ጁባም በከተማነት የተቆረቆረችው በዚያው በ1920ዎቹ ነው።

ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ የላቀው፣ በእኔ ግምት፣ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ኤፍ. ደብሊው. ሙርናው በ1927 በአሜሪካ የሠራው "ሰንራይዝ" ነው። ከከተማ በመጣች ሴት ፍቅር የተያዘ ገበሬ ሚስቱን ከጀልባ ገፍትሮ ሊያሰምጣት ያሴራል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ግን እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ሚስት በድንጋጤ ትሸሻለች፤ ባል ይከተላታል። ቀሪው ፊልም የተሰበረ እምነት እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳይ ነው። ሁለቱ በከተማ ቤተ ክርስቲያን የማያውቋቸውን ሙሽሮች ጋብቻ ሲመለከቱ ባልየው ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ይቅር ተባብለው ሲወጡ ዙሪያቸውን የሚረሱ ናቸውና በመኪና የተጨናነቀው ጎዳና በዓይናቸው ፊት ወደ አበባማ መስክ ይለወጣል።

በትዕይንቶቹ መካከል ብቅ የሚለው ጽሑፍ ጥቂት ነው። የግድያውን ሐሳብ የሚያስተላልፈው ጽሑፍ ደግሞ ፊደሎቹ እንደሚሰጥም ሰው ወደ ታች እየፈሰሱ ይጠፋሉ። ሚስቲቱን ሆና የተጫወተችው ጃኔት ጌይነር በዚህና በሌሎች ሁለት ፊልሞች በ1929 የመጀመሪያውን የምርጥ ተዋናይት ኦስካር ተሸልማለች።

ከጁባ ነጭ ዓባይን ተከትሎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው መድረሻው ካይሮ ነው። እዚያም መሐመድ ከሪም በ1930 "ዘይነብ" የተሰኘውን ድምፅ አልባ ፊልም ለእይታ አበቃ። መነሻው የመሐመድ ሑሴን ሃይከል ልብ ወለድ ሲሆን፣ ባለታሪኳ የገጠር ልጅ የምትወደውን ኢብራሂምን ትታ ቤተሰብ ለመረጠላት ሰው ትዳራለች። ድሃው ኢብራሂም ለውትድርና ተመልምሎ የሚላከው ወደ ሱዳን ነው። ያኔ ሱዳን ስትባል የዛሬዋን ጁባንም ታጠቃልል ነበር።

ሆኖም የብሪታኒያ አስተዳደር ደቡቡን ከሰሜኑና ከዓረብኛ ለይቶ ማቆየትን ፖሊሲው አድርጎት ነበር። በ1928 ከጁባ አቅራቢያ በምትገኘው ረጃፍ በተካሄደ ጉባኤ በደቡብ ትምህርት ቤቶች የትኞቹ ቋንቋዎች እንዲያገለግሉ ተወሰነ፤ ዲንካና ባሪ ከተመረጡት መካከል ናቸው። የቋንቋ ድንበር በዚህ ሲሰመር ሲኒማው ገና ድንበር ዘለል ነበር።

ያ ግን ብዙ አልቆየም። "ሰንራይዝ" በኒው ዮርክ ከተመረቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በጥቅምት 1927 ተዋናዮቹ የሚናገሩበትና የሚዘፍኑበት "ዘ ጃዝ ሲንገር" ታየ። በ1930ዎቹ መባቻም የአሜሪካ ስቱዲዮዎች አንዱን ታሪክ በተለያዩ ቋንቋዎች ደጋግመው እስከ መቅረጽ ደረሱ። ድምፅ አልባዎቹ ግን ገበያቸውን ብቻ ሳይሆን ህልውናቸውንም አጡ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአገሪቱ ከተሠሩት ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። የሙርናው "ፎር ዴቭልስ" ከጠፉት አንዱ ነው።

ከ2016 ጀምሮ የፊልም ፌስቲቫል ያላት ጁባ እነዚህን ሥራዎች ለማሳየት ብዙ አያስፈልጋትም። "ሰንራይዝ" በአሜሪካ ሕግ ከ2023 ወዲህ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። በዘመኑም አዳራሾቹ ፀጥ ያሉ አልነበሩም፤ ሙዚቀኛ ያጅባቸው ነበር፤ በጃፓን ደግሞ ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ታሪኩን በቃል ያሰሙ ነበር። በጎረቤት ኡጋንዳ ቪጄ የሚባሉት ተርጓሚዎች የውጭ ፊልሞችን በሉጋንዳ እያዋዙ ሲተርኩ ኖረዋል። ባዶ ግድግዳ፣ ፕሮጀክተር፣ አንድ ሙዚቀኛና ጥቂቶቹን ጽሑፎች በጁባ ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ከተገኘ ትዕይንቱ ሊጀመር ይችላል።