የተፍኪ ጭቃ በሞዴል መኪና ላይ፦ ስለ ማስረጀት ጥበብ



ከሰበታ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ተፍኪ ሲደረስ ምድሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ረጥቦ ይጣበቃል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ መልኩም ወደ ግራጫ ይነጣል። በ1፡24 ምጥን የተሠራ የጭነት መኪና ሞዴልን ብዙ ያገለገለ ለማስመሰል የሚሻ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

ዝገት የሚጀምረው ቀለሙ ተልጦ ብረቱ እርጥበት ባገኘበት ስፍራ ነው፤ ለምሳሌ ጭነት በሚፈትገው የካሶኒ ጠርዝ። ይህን ለማሳየት ስፍራው በዝገት ቀለም ይቀባል። ሲደርቅ በውኃ ረጠብ ተደርጎ ጥቂት ጨው ይነሰነስበታል፤ ውኃው ከደረቀ በኋላ የመኪናው ቀለም ይነፋበታል። በመጨረሻ ጨው ሲፈገፈግ የላዩን ቀለም ይዞ ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ዝገት ይገለጣል።

ለጭቃው እውነተኛ አፈር መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን የ1 ሚሊ ሜትር ጠጠር በዚህ ምጥን የ24 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ስለምትሆን አፈሩ እንደ ዱቄት መላም አለበት። ከማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጋር ተለውሶ በፓራፋንጎ ውስጥና ከጎማ በስተኋላ ይቀባል፤ ጎማ ጭቃ የሚረጨው ወደዚያ ነውና። በጋቢናው መስተዋት ላይ መጥረጊያው የሚደርስበት ክፍል ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

እድፍን በሁሉም ስፍራ እኩል ማልበስ የመኪናውን ታሪክ ይደመስሳል። ሕዝቡ «ኤንትሬ» ብሎ የሚጠራውን ፊያት 682 ኤን 3 የመሰለ አሮጌ መኪና ፈርሶ ብረቱ ሲቀልጥ፣ የሠራበት መንገድ ምስክርነት አብሮት ይጠፋል። በጥንቃቄ የተሠራ ሞዴል ግን ያንን ምስክርነት ያቆያል።